ኬላው ይነሣ!



ባለፈው ወር ወረቀት ላይ አንድ ታላቃችን አገራችንን ለዚህ ያበቃት የመንግሥት መላላት ነው፣ ጠንክሮ የሚይዝ መንግሥት ቢኖር ኖሮ እኛም በዚህ በካኩማ አቧራ ውስጥ ባልተገኘን ነበር ሲሉ ጽፈዋል። ጽሑፉ በየብሎኩ ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጠርዙ ተበልቶ፣ በኅዳጉ ላይም «እውነት ነው» የሚል በሦስት ዓይነት የእጅ ጽሕፈት ተጨምሮበት አገኘነው። እሳቸውን እናከብራቸዋለን። ከደርግ ውድቀት በኋላ በዋልዳ በኩል አድርገው እዚህ የደረሱ፣ ለእኛ ለኋላ መጦቹ የውኃውን ሰልፍና የላጋውን መሻገሪያ ያሳዩን ሰው ናቸው። ነገር ግን አክብሮት ሌላ፣ ዝምታ ሌላ። በተለይም ያ ጽሑፍ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የማኅበረሰባችን ኮሚቴ ሦስት አዳዲስ ሐሳቦች ይዞ ብቅ ስላለ ዝም ማለት አይቻለንም። ወደ ሦስቱ ሐሳቦች እንመለሳለን፤ አስቀድመን ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የኬንያንና የኡጋንዳን ጉዳይ ስናነሣ ብቻ በፈረንጅ እንላለን።)

አቋማችንን ሳንሸፋፍን እንናገር። መንግሥት ሌባ ይያዝ፣ ዳኛ ያስቀምጥ፣ ድንበር ይጠብቅ፤ ለዚህ ሥራ ጠንካራ ቢሆን አንቃወምም። ከዚህ አልፎ ሰው የት እንደሚያድር፣ እህሉን ለማን እንደሚሸጥ፣ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣና በቡናው ላይ ምን እንደሚያወራ ልወስን ሲል ግን ጥንካሬው በሌባው ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው። አገራችን በዚህኛው ዓይነት ጥንካሬ ደኽይታ አታውቅም። የሞላ፣ የተትረፈረፈ ነበር።

ኬላን እንውሰድ። ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ ለየገበሬ ማኅበሩ የእህል ኮታ ሲደለድል ያቀረበው ምክንያት የሚያስመሰግን ነበር፤ የከተማው ድኻ በርካሽ ይብላ፣ ነጋዴው አይበዝብዘው የሚል። ዋጋውን የቆረጠው ግን አዲስ አበባ የተቀመጠ ሹም ነው። የጎጃምና የአርሲ ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን ገበያው ከሚያወጣው በታች ለመንግሥት እንዲያስረክብ ተገደደ፤ የተረፈውንም ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ጭኖ እንዳይሸጥ በየመንገዱ ኬላ ቆመበት። ዝናብ የነሣው ገበሬ ኮታው አይማርለትም ነበርና ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበው ብዙ ነው። እስቲ ይታሰብ! እህል አምራቹ ኮታ ለመሙላት እህል ሸማች የሚሆንበት አገር። ትርፍ ካለበት ወደ ጎደለበት ማለፍ የነበረበት ጆንያ ኬላ ላይ ሲወረስ፣ ዋጋው በአንዱ ክፍለ ሀገር ወድቆ በሌላው ሰማይ ይነካ ነበር።

ታዲያ በመጨረሻ ምን ሆነ? በየካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ኮታውንና የእህል ኬላውን አነሡ። ያን ጊዜ ማንም ካድሬ ሳይልካቸው፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራቸው ገበሬዎቹ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱን በሳምንታትና በወራት ውስጥ በየቦታው አፈረሱ፤ በሬውን ተካፈሉ፣ መሬቱን ተከፋፈሉ። በመንደር ምሥረታ ከቀዬው ተነሥቶ በመስመር እንዲሰፍር ከተደረገው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብም ብዙው ጎጆውን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ለዓመታት በፈቃዱ ተደራጀ ሲባል የኖረው ገበሬ ፈቃዱ ምን እንደነበረ ያሳየው አጋጁ ዞር ባለ ማግስት ነው። ታላቃችን ያ ጊዜ በዓይናቸው ያለፈ ነው፤ እኛ ከመጽሐፍና ከአባቶቻችን የሰማን ነን፤ ለምን እንደዘለሉት አልገባንም።

ቀበሌም ከዚሁ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ሥራው ወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችን ማስተዳደር፣ ኪራይ መሰብሰብና ሠፈር ማጽዳት ነበር። ሁለት ዓመት አልፈጀበትም፤ ጠመንጃ ታጠቀ፣ ምድር ቤቱን እስር ቤት አደረገ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ የማን ልጅ ከቤት እንደሚወጣና እንደማይመለስ የሚወስን ሆነ። ኪራይ ለመሰብሰብ የተሰጠው መዝገብ ሰው ለመልቀም አገለገለ፤ የማን ልጅ የት እንደሚያድር ተጽፎበት ነበርና። ደርግ ሄደ። ቀበሌው ግን ከነማኅተሙ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት አለው ይላል፤ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመዛወር ግን መሸኛ አምጣ ትባላለህ። ነፃነት የተባለው ነገር ከሊቀ መንበሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሄደዋል፣ ነገ ተመለስ።

መሬቱስ? በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ትክክል ነበሩ። እኩል አራሽና ሲሶ አራሽ ሆኖ ሲገብር የኖረውን ጭሰኛ ነፃ ማውጣት ይገባ ነበር፤ የባላባቱን ዘመን እንድንመልስ የምንመኝ አድርጎ ማንም እንዳያነበን። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ለአራሹ የመጠቀም መብት ሰጥቶ፣ መሸጥን፣ ማስያዝንና ማከራየትን ከልክሎ፣ ባለቤትነቱን በሕዝብ ስም ለመንግሥት አደረገ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ያንኑ አጸና። ባለመሬቱ ተለወጠ። በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ ገበሬ ከመሬቱ ለዘለቄታው ሲነሣ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር አባዝታችሁ ስጡት አለ፤ ያው መሬት ከከተማ ጋር ሲቀላቀልና በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ያለውን ዋጋ ግን የሚቀበለው መንግሥት ነው። የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም በኦሮሚያ ከ2006 ጀምሮ ስንት ወጣት የወደቀው ለምን ሆነና? በጥር 2008 ዕቅዱ ተሰርዟል ተባለ፤ ሥልጣኑ ግን አልተሰረዘም። በ2016 በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ ላይ ሰው ዕድሜውን የኖረበት ቤት በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ ሲፈርስ ያየነው ያንኑ ሥልጣን ነው። መንገዱ አምሯል ይሉናል። አምሮ ይሆናል።

አሁን ደግሞ በገዛ ጀርባችን ወዳየነው እንምጣ። እኛ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥተን ጠመኔ የጨበጥነው በአንድ ለአምስት ዘመን ነው። እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን እናስረዳ። አምስት ሰው በአንድ መሪ ሥር ይመደባል፤ መሪው «ሞዴል» ይባላል። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ቃለ ጉባኤው ወደ ልማት ቡድኑ፣ ከዚያም ወደ ላይ ይሄዳል። ገበሬው በማዳበሪያ፣ ሴቶች በጤና፣ ተማሪው በጥናት፣ መምህሩ በትምህርት ልማት ሠራዊት ስም ሁሉም በአምስት በአምስቱ ተሰደረ። ደካማ ተማሪ ከብርቱ ተማሪ አጠገብ ይማር የሚለው ሐሳብ እኛ መምህራን ከማንም ሳንማር የምንሠራበት ነው፤ አብሮ ማጥናት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ቃለ ጉባኤው ነው። ሁለት ልጆች ተቀምጠው ሒሳብ ሲሠሩ ሦስተኛው ስለ ሁለቱ የሚጽፍበት ወረቀት መኖሩ ነው።

ይህ ነገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ምን እንዳደረገ እንንገራችሁ። ቀድሞ ሻይ እየጠጡ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ርእሰ መምህሩ፣ ስለ መንግሥት የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ ቀስ በቀስ ስለ ኳስ ብቻ ማውራት ጀመሩ። አገሩ በሙሉ በአርሰናልና በማንቸስተር የተከፈለው ኳስ ስለወደደ ብቻ ነው ብለን አናምንም፤ በአፍ ሙሉ ለመከራከር የቀረ ሌላ ነገር ስላልነበረ ጭምር ነው። ግምገማ ሲመጣ ሒስና ግለ ሒስ አምጡ ይባላል። ግለ ሒስ ያላመጣ «ኪራይ ሰብሳቢ» ነው፤ ሒስ ያላመጣ ደግሞ ተሸፋፍኖ የሚኖር ነው። አንድ ባልደረባችን በልጆች ፊት የመጽሐፉን ስሕተት አረመ ተብሎ ሁለት ስብሰባ ተቀመጡበት። ስሕተቱ እስከመጨረሻው ስሕተት መሆኑ አልተካደም፤ ያከራከረው ማን አረመው የሚለው ነበር።

በ2003 የዓባይ ግድብ ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዙን ለቦንድ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ ከዚያም በኋላ በየዙሩ ተጠይቋል። ግድቡን አልጠላንም። በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ እዚሁ በካኩማ ገበያ ከስልክ ላይ እያዩ ያጨበጨቡ አሉ፤ እኛም አጨብጭበናል። ጥያቄያችን «በፈቃደኝነት» በሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ባስተማርንበት ትምህርት ቤት በደረሰን ቅጽ ላይ የስም ቦታ፣ የደመወዝ ቦታና የፊርማ ቦታ ነበረው፤ «አልፈቅድም» ብሎ መጻፊያ ቦታ አልነበረውም። ሰው ለግድብ ከኪሱ ሲሰጥ ወገን ያሰኘዋል፤ ከኪሱ ሲወሰድበት ግን ግብር ነውና ስሙ በስሙ ይጠራ። ቋንቋ ለምናስተምር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቃሉ ሲበላሽ ልጆቹ የሚማሩት ውሸቱን ነው።

ታላቃችን እነዚህ ሁሉ ችግሩ እስኪያልፍ ብቻ ናቸው ብለው ሊመልሱልን ይችላሉ። እንግዲያስ ጊዜያዊ የሚባለውን ነገር እንቁጠረው። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሥር ወር ቆይቶ ሐምሌ 28 ቀን 2009 ተነሣ። በየካቲት 2010 እንደገና። በመጋቢት 2012 ለኮሮና። በጥቅምት 2013 ለትግራይ። በጥቅምት 2014 ለመላው አገር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል፤ እርሱም በጥር 2016 ተራዘመ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ለስድስት ወር ብቻ፣ ከዚያም በየአራት ወሩ በምክር ቤት ድምፅ ይራዘም ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር በልክ ተቆርጧል። የአማራው አዋጅ ጊዜው በግንቦት 2016 ማብቂያ አለቀ። በመስከረም 2017 ግን ምንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሌለበት በዚያው ክልል ሰው በጅምላ ታፈሰ፤ መምህራን፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ሳይቀሩ። አዋጁ ሞቶ ልማዱ ቀረ። የትግራይ ሕዝብ ሁለት ዓመት ያህል ስልክ፣ ባንክና ኢንተርኔት ተዘግቶበት ሲኖር፣ ጡረተኛ የገዛ ገንዘቡን ከባንክ ማውጣት ሳይችል ሲቀር፣ ቁልፉን መዝጋት የቻለው መስመሩ በአንድ እጅ ስለነበረ ነው። በዚያ ጊዜ ከዘመዶቹ ድምፅ ሳይሰማ የኖረ ሰው በዚህ ካምፕ ውስጥ አለ፤ ይህን ለእርሱ ማስረዳት አያስፈልገንም።

በአንድ ነገር ላይ ታላቃችን እውነት አላቸው። አገራችን ውስጥ ሰው እየታገተ በሰው ልጅ ዋጋ የሚከፈልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች በገርበ ጉራቻ አካባቢ ከነአውቶቡሳቸው ታገቱ። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት እሳቸው ያወጡት አይደለም። የኬላ እጥረት ስለነበረ ነው የታገቱት? በአገራችን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያውቃል፤ በየመታጠፊያው ገመድ አለ፣ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ሻንጣ ይፈተሻል። መንግሥት የሰውን ስም፣ ብሔር፣ መሸኛና ቃለ ጉባኤ ሲቆጥር አጋቹን ሳያይ ቀረ። ጉልበቱን ሁሉ ባልተሰጠው ሥራ ላይ ያፈሰሰ መንግሥት ለተሰጠው ሥራ ጉልበት አይተርፈውም። ጭልፊቱን ትቶ ጫጩት ሲቆጥር የሚውል ጠባቂ ጠንካራ ነው ይባላል?

መንግሥትን እምቢ ማለትም አገር አያፈርስም። እንግዶች ነንና በአስተናጋጆቻችን ጉዳይ ብዙ መናገር አይገባንም፤ ያየነውን ያህል ግን እንበል። በ2024 የኬንያ መንግሥት በዳቦ ላይ ሳይቀር 16 በመቶ ታክስ ሊጥል ያሰበበትን የፋይናንስ ረቂቅ ሲያመጣ ወጣቱ ተነሣ። ጁን 25 ፓርላማው ተወረረ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ ይህን ማንም በቀላሉ አያየውም። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ኬንያ ግን አልፈረሰችም። ሱቁም ተከፈተ፣ ፍርድ ቤቱም ተሰየመ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ካኩማ ከተቆረቆረ ከ1992 ጀምሮ እዚህ ያለ ሰው ከካምፑ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ወረቀት ሲለምን ኖሯል። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ወረቀት፣ ናይሮቢ ያለ ወንድምን ለመቅበር ወረቀት። የ2021 የኬንያ የስደተኞች ሕግ መሥራትን ፈቀደ፤ በማርች 2025 ደግሞ ካምፖቹን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር አዋሕዶ ወደ ከተማነት ለመቀየር ሺሪካ የተባለው ዕቅድ ይፋ ሆነ። ይበል እንላለን። ግን እግር በወረቀት ታስሮ እጅ ብቻ ቢፈታ ሥራው የት ይገኛል? ኡጋንዳ በ2006 ባወጣችው ሕግ ስደተኛው እንዲሠራም እንዲንቀሳቀስም ፈቅዳለች። ከኡጋንዳ ኬንያ ሀብታም አገር ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። አንዱ እጅ እንዳትሠራ ያስርሃል፣ ሌላው እጅ ስለማትሠራ ያበላሃል። ከዚያ አብይው ይደክመዋል፤ አሳሪው ግን አይደክመውም። በ2025 ራሽኑ ሲቆረጥ፣ ቀጥሎም ሰው በአራት ምድብ ተከፍሎ አራተኛው ምድብ ምንም አያገኝም ሲባል፣ እንዳይሠራ የሚከለክለው ወረቀት አብሮ አልተነሣም። በአራተኛው ምድብ ያለች እናት ራስሽን ቻዪ ተብላለች፤ ወደምትችልበት ቦታ ለመሄድ ግን ፈቃድ ያስፈልጋታል። ይህን ግፍ የሚጽፈው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምናልባት ሁለት ደግ ሰዎች በሁለት ቢሮ ተቀምጠው ይሆናል።

እንዲያም ሆኖ ይህ ካምፕ በራሱ ምን እንደሠራ እንመልከት። በ2018 የወጣ አንድ የዓለም ባንክ ቡድን ጥናት በካኩማ ከ2,000 በላይ ሱቆችና ንግዶች እንዳሉ፣ የገበያውም ግምት በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ ጽፏል። እነዚያን ሱቆች ያቀደ ኮሚቴ የለም። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጅምላ አከፋፋዩ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ በቦዳ ቦዳ የሚያመላልሰው እያንዳንዱ የጎደለውን አይቶ የሞላው ነው። የሞቱብንን የሚቀብረው ማን ነው? እድራችን ነው። ሱቅ የሚያስከፍተን እቁባችን ነው። ወደ እድር የገባ በፈቃዱ ይገባል፣ ያልተስማማው ይወጣል፣ ዳኛውንም ሰው በዓይኑ አይቶ ይመርጣል። ማኅተም ባይኖረው ሬሳ ሳይቀበር አድሮ አያውቅም።

እንግዲህ ሦስቱ ሐሳቦች። አንደኛው፣ በየብሎኩ የሚያድር እንግዳ ሁሉ በዝርዝር ይያዝ የሚል ነው፤ ምክንያቱ ሌብነት በዝቷል ነው። ሌብነቱ እውነት ነው፤ ባለፈው ወር ሁለት የሶላር ሰሌዳ ጠፍቷል። ሌባ ግን ስሙን ተመዝግቦ አይገባም። የሌሊት ዘብ በተራ እንቁም፤ እኛ መምህራን ማክሰኞንና ዓርብን ወስደናል። የእንግዳ መዝገብ አንዴ ከተከፈተ ማን እጅ እንደሚገባ ኮሚቴው ራሱ ሊነግረን አይችልም፤ ከመካከላችን ስማቸው እንዳይታወቅ የሚሸሹ አሉ፤ ለምን እንደሚሸሹም ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው፣ የማታ ትምህርት የሚያስተምርና አዲስ ሱቅ የሚከፍት ከኮሚቴው የድጋፍ ደብዳቤ ያምጣ የሚል ነው። ጥራት ለመጠበቅ ይላሉ። የእኛን ትምህርት ጥራት የሚያውቁት ልጆቹን የሚልኩት እናቶች ናቸው፤ ካልጠቀማቸው አይልኩም፤ ባለፈው ዓመት አንዱን ክፍል የዘጋነው እነርሱ መላክ ስላቆሙ ነው። ደብዳቤ የሚሰጥ እጅ ደብዳቤ የሚነሣ እጅ ነው፤ ዛሬ ያሉት የኮሚቴ አባሎች ቅን ናቸው፤ የከርሞዎቹን ግን አናውቃቸውም።

ሦስተኛው ይህቺን ወረቀት የሚመለከት ነው። ከመገልበጧ በፊት ሁለት ሰው ያንብባት፣ አንድነታችንን የሚጎዳ ነገር እንዳይወጣ ይላል። ማተሚያ የለንም፤ አምስት ቅጂ በእጃችን ገልብጠን ነው የምትዞረው። ይህቺን እንኳ ሳያዩ መተው አልሆንላቸው አለ። ታላቃችን ከእኛ በተቃራኒ የጻፉት ጽሑፍ ሳይቆረጥ፣ አንድ ነጥብ ሳይነሣበት ወጥቷል፤ የገለበጠው ከእኛው አንዱ ነው፤ እየተናደደ ገለበጠው። አንድነታችን ይህን ችሏል። ሁለት አንባቢ ቢሾም ኖሮ ከእሳቸው ወይም ከእኛ ያንደኛችን ጽሑፍ ቀሪ ነበር፤ የማን እንደሚሆን ደግሞ የሚወስነው የአንባቢዎቹ ዘመድነት ነው።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ሦስቱንም ሐሳቦች እንቃወማለን፤ እጅ በማውጣት ብቻ ሳይሆን ቢጸድቁም ደብዳቤውን ባለመጠየቅ፣ እንግዳችንን ባለማስመዝገብ፣ ወረቀቷን ቀድመን ባለማሳየት። ታላቃችንም ይምጡና በጽሑፍ እንደሞገቱን በአፋቸው ይሞግቱን፤ ቦታ እንይዝላቸዋለን። የማታው ትምህርት እንደ ወትሮው ሰኞና ረቡዕ ይቀጥላል። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ያለን አንድ ብቻ ነውና የወሰደ ሰው እስከ ሰኞ ይመልስልን።